ባሱንዳ ላይ ጥላው የመረጠኝ ቀን

ባሱንዳን እኔም እስከ ዘንድሮ የማውቃት በስሟ ብቻ ነበር። የመንደራችን ወንዶች ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስቀል ሲያልፍ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን ይሄዱባታል። ሲመለሱ ስለ ሙቀቷና ስለ እርሻ ወኪሎቹ ያወሩልናል። እዚያ ስላሉት ልጆች ግን የነገረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያየሁትን ከመነሻው እስከ መመለሻው በየቀኑ ከፍዬ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የተሳሳትኩትን እያረማችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። አክስቴ ዘነቡ ገዳሪፍ ከተማ መኖር ከጀመረች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ልብስ እየያዘች በየእርሻው ለሠራተኞች ትሸጣለች። ባሱንዳ አጠገብ ባለ አንድ እርሻ ላይ፣ ከጎንደር በኩል የሄዱትና ከትግራይ የተሰደዱት ሠራተኞች ለልጆቻቸው ማስተማሪያ አንድ ራኩባ ሠርተው ነበር። ራኩባ እኛ ዳስ የምንለው ነው። አስተማሪው ሲሄድባቸው ተጣሉ። አማርኛ ተናጋሪዎቹ አዲሱ አስተማሪ ከኛ ይሁን አሉ፣ ትግርኛ ተናጋሪዎቹም ከኛ ይሁን አሉ። መጻሕፍቱ ያሉበትን የብረት ሳጥን አንደኛው ወገን በጓጉንቸር ቆለፈው። ሌላው ወገን ደግሞ የራሱን ጓጉንቸር ደረበበት። ሁለት ክረምት ሙሉ ሳጥኑ ተከርችሞ፣ ልጆቹ ውኃ ሲቀዱና ፍየል ሲጠብቁ ከረሙ።

«አሁን ወጣቶቹ በምርጫ እንጨርሰው ብለዋል፤ ከነዚያ በኩል አንዲት ልጅ ቀርባለች፤ ከኛ በኩል የሚቀርብ ጠፋ፤ አንቺ ነይ» አለችኝ አክስቴ።

እኔ በግቢያችን ለጎረቤት ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። በኛ አገር በስድስተኛ ክፍል አስተማሪ መሆን ግን አይታሰብም። ሰባተኛ ያልገባሁት ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ነው። እንደዚህ ያለ ዕድል ሁለተኛ እንደማይመጣልኝ አውቄያለሁ። የፈራሁት ሰው ፊት መቆሙን ነበር። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳን «አቤት» የምትለዋን ቃል ከጉሮሮዬ አጥቻት አውቃለሁ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከሸኸዲ አጠገብ ካለችው መንደራችን ተነሣሁ። እናቴ ድርቆሽና በሶ ቋጠረችልኝ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ እንኳ «ውኃውን አፍልተሽ ጠጪ» እያለች በመስኮት ትመክረኝ ነበር። መተማ ስደርስ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ሁለት አገር የሚለይ ድልድይ ትልቅ መስሎኝ ነበር፤ የእኛን መንደር ወንዝ የሚሻገረው ይበልጠዋል።

ማዶ ገላባት ላይ ወረፋ ያዝን። ከፊቴ የነበሩት የሰሊጥ ነጋዴ ሽማግሌ ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝና ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ተራዬ ሲደርስ ወታደሩ «ሹጉል ሹኑ?» አለኝ፤ ሥራሽ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ድምፄ ጠፋ። ሽማግሌው ዞር ብለው «ሙዐሊማ ናት፣ አስተማሪ» አሉልኝ። ወታደሩ ቀና ብሎ አየኝ፤ አቀማመጡንም አስተካከለ። «ተፈደሊ፣ ያ ኡስታዛ» አለና አሳለፈኝ፤ እለፊ መምህርት ማለት ነው። የሰው ልብስ ለብሼ የተያዝኩ ያህል ፊቴ ጋለ።

ከገላባት በቦክሲ ተሳፈርን። ቦክሲ ከኋላው አግዳሚ የተገጠመለት ክፍት መኪና ነው፤ ፀሐዩም አቧራውም እኩል ይደርሳችኋል። ቶብ የሚሉትን ረጅም መጎናጸፊያ የለበሰች አንዲት ሱዳናዊት ነፋስ በማይመታው በኩል አስቀመጠችኝና ዳቦ በታሚያ ከፍላ ሰጠችኝ። ታሚያ ከሽንብራ የሚጠበስ ነው፤ የኛን ሰው ለጾም ይሆነዋል። እናትሽ ደኅና ናት፣ አባትሽስ፣ ታናናሾችሽስ፣ ከብቶቹስ እያለች ዶካ የምትባል ከተማ እስክንደርስ ጠየቀችኝ። የሰላምታ መርዘም የጎንደር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አገሩ ሜዳ ነው። የእኛ ቆላ ሜዳ ነው እል ነበር፤ ለካስ የእኛ ጉብታ አለው፣ ዛፍ አለው። እዚያ ግን ዓይን የሚያርፍበት የለም፤ ማሽላና ሰሊጥ እስከ ሰማይ ዳር ይደርሳል። ጥቁሩ አፈር ላይ ለምልክት እንኳ ድንጋይ አይገኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ረቡዕን ገዳሪፍ ዋልኩ። የአክስቴ ሰፈር ጎጆዎች ክብ ናቸው፣ የኛን ይመስላሉ፤ አልጋው ግን ከነገመዱ ግቢ ውስጥ ይወጣል። ከሁሉ የወደድኩት በየደጁ የተቀመጠውን የውኃ ጋን ነው። ዚር ይሉታል። መንገደኛ ማንንም ሳያስቸግር ቀድቶ ጠጥቶ ይሄዳል። በኛ አገር ውኃ ሲጠማሽ ደጅ አንኳኩተሽ ትለምኛለሽ፤ እንደ እኔ ዓይነቷ ደግሞ ተጠምታ ታልፋለች። እዚያ ግን ሦስት ደጅ ላይ ጠጣሁ።

ከአክስቴ ቤት አጠገብ ትምህርት ቤት አለ፤ ነገር ግን ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ይኖሩበታል። በየመስኮቱ ልብስ ተሰጥቷል። አክስቴ ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ጋር ወሰደችኝ። አንዱን ክፍል ከነቤተሰባቸው ይኖሩበታል። ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ትምህርት ተጽፏል፤ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በመጨረሻው ቀን የተጻፈ ነው አሉኝ። የልጅ ልጆቻቸው እንዳያጠፉት ፊት ለፊቱ አልጋ አቁመውበታል። «ባለቤቶቹ ሲመለሱ ከዚያው ይቀጥላሉ» አሉ።

የሄድኩበትን አክስቴ በዓረብኛ አስረዳቻቸው። ከፍራሻቸው ሥር አንድ ካርቶን ጠመኔ አወጡና ሰጡኝ። «ብትሸነፊስ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ እያመለከቱ፣ «ጠመኔው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ያንቺ አይደለም» አሉኝ። አክስቴ እየሳቀች ነው የተረጎመችልኝ። እኔ ግን ካርቶኑ ከበደኝ።

ሐሙስ ከአክስቴ ጋር ወደ ባሱንዳ ሄድን። ዝናቡ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጠንክሮ ኖሮ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ተቀረቀረ። በሁለተኛው ወርደን ስንገፋ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በእጄ ብፈልግ፣ ሾፌሩም በዱላ ቢፈልግ አልተገኘም። «መሬቱ ጫማሽን ወዶታል፣ ወላሂ» አለና የራሱን ሸበጥ አውልቆ ሰጠኝ። አልቀበልም ብዬ ሳፍር መኪናው ውስጥ ወረወረልኝ፤ እሱ በባዶ እግሩ ነዳ። ሸበጡ የኔን ሁለት እግር ይይዛል። አስተማሪ ልሆን የሄድኩት እንግዲህ በሾፌር ሸበጥ ነው።

እርሻው ላይ የተቀበሉን አያ ታከለ የሚባሉ የደንቢያ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሠራተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ገና ሳንቀመጥ አንዲት ልጅ በባልዲ ውኃ ይዛ መጣችና እግሬን ልታጥብ ጎንበስ አለች። እኔ ራሴ እታጠባለሁ አልኩ። «እንግዳ ነሽ፣ ሓፍተይ» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። የጣቶቼን ጭቃ እያስለቀቀች ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ስታበቃ አያ ታከለ «ለተ ማለት ይቺ ናት፤ ነገ የምትወዳደሪያት» አሉኝ።

ለተ የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ከቤተሰቧ ተነጥላ ተሰዳ መንደር ስምንት በሚባለው የስደተኞች መቀበያ በኩል ነው የመጣችው። አሥረኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ እግሬን አጥባ የተቀበለችኝን ሰው እንዴት ብዬ ልጥላ? ማታ የባምያ ወጥ ፈስሶበት አሲዳ ቀረበ። አሲዳ የማሽላ ገንፎ ነው፤ እኛ በቅቤ የምንበላውን እነሱ በወጥ ይበሉታል። ከአንድ ትሪ በላን። አማርኛና ትግርኛው እየተደባለቀ፣ ትንንሾቹ ደግሞ በመሐል ዓረብኛ እየጨመሩ ይጫወታሉ። እዚህ ትሪ ላይ የሌለ ጠብ ሳጥኑ ላይ ከየት መጣ ብዬ ገረመኝ።

ዓርብ የእርሻው ወኪል ሠራተኛ አያሰማራም፤ ስለዚህ ምርጫው ለዓርብ ነበር። ጠዋት ራኩባውን አየሁት፤ ጣሪያው ጎድሏል፣ የብረቱ ሳጥን ከነሁለት ጓጉንቸሩ መሐል ተቀምጧል። አንድ ሕፃን ላዩ ላይ ተኝቶ ነበር። አጠገቡ ሁለት እናቶች ቆመው በትግርኛ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ለእኛ ቆላ ሰው ትግርኛ ብዙ እንግዳ አይደለም። ለተ ልጆቻችንን ባለፈው በሽታ ጊዜ አስታማልናለች፣ የኛ ድምፅ የሷ ነው ይባባላሉ። እንኳን ደስ ያላት ብዬ በልቤ ቀናሁ።

የወጣቶቹ ሰብሳቢ ደስታው የሚባል የጎንደር ልጅ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰዉን ሰብስቦ ደንቡን ተናገረ፤ የተመረጠችው የሁሉንም ልጆች ታስተምራለች፣ የተሸነፈው ወገን ጓጉንቸሩን ያነሣል። ከዚያ እኔንና ለተን ተራርቃችሁ ቁሙ አለን። እኔ ከዓይን ለመሸሽ ብዬ እዚያ ካለው አንድ ብቸኛ የኒም ዛፍ ግንድ ጋ ተጠጋሁ። ለተ ሜዳው ላይ ቆመች። «ከምትፈልጓት ኋላ ተሰለፉ» አለ ደስታው።

ሰዉ ተሰለፈ። ደስታው እየነካካ ቆጠረ፤ ከኔ ኋላ አርባ አንድ፣ ከለተ ኋላ ሃያ ሁለት። እልልታው ቀለጠ። አክስቴ አቀፈችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም፤ ወታደሩ ያለኝ እውነት ሆነ፣ አስተማሪ ሆንኩ አልኩ።

ዞር ስል ሰልፌን አየሁት። ቀጥ ያለ አልነበረም። የኒሙ ጥላ በሚዞርበት በኩል እንደ እባብ ተጠማዟል። ጠዋት ስለ ለተ ሲያወሩ የሰማኋቸው ሁለት እናቶች ከነሕፃኖቻቸው ሰልፌ መሐል ቆመዋል። አንዷን ጠጋ ብዬ ለምን ከኔ ኋላ እንደቆመች በጆሮዋ ጠየቅኋት። «የልጄ ራስ ተቃጠለ» አለችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ የለመድኩት ነው። «ቆዩ» አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ስለዚህ ሸበጡን እየጎተትኩ ከጥላው ወጣሁና ሜዳው ላይ ለተ አጠገብ ቆምኩ። አሁን ሁሉም አየኝ፣ ጫጫታውም ቆመ።

«ሰልፌ ጥላ ላይ ነው ያለው» አልኩ። «ሰዉ ለጥላው ነው የተሰለፈው። ይደገም።»

ደስታው የቀለድኩ መሰለው። «ያሸነፈ ሰው ይደገም ይላል እንዴ?» አለኝ። ከኋላ አንዱ «ስድስተኛ ላይ ያቆመችው ለዚህ ነዋ» አለና ሳቁ። ከኛ ወገን አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ የመጣሽው ልታሸንፊ ነው ወይስ ልታስበዪን አሉኝ።

«ነገ ሳጥኑ ላይ ሦስተኛ ጓጉንቸር እንዳይመጣ ብዬ ነው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አያ ታከለ ከሰልፌ መሐል እጃቸውን አወጡ። «ልጅቱ እውነቷን ነው፤ እኔም ለጥላው ነው የቆምኩት» አሉ። አሁን ደግሞ ሁሉም ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን የሚከራከር ጠፋ።

በምን ይመረጥ የሚለው ሌላ ነገር ሆነ። ብዙው ሰው መጻፍ አይችልም። በጠጠር እንዳይባል ድንጋይ በሌለበት አገር ጠጠር ከየት ይመጣል? አንዲት ሴት ከነገለባው ያልተፈለፈለ ለውዝ አመጣች። ለተ ቶቧን ራኩባው ላይ ጋረደች፤ ከጀርባው ሁለት ጀሪካን ተቀመጠ፣ ቢጫው የለተ፣ ሰማያዊው የኔ። ለአንድ ሰው አንድ ለውዝ ተሰጠ፤ ተራ በተራ እየገባ በሚፈልገው ጀሪካን ይጨምራል። እኔና ለተ ተያይዘን ወደ ውኃው ጋን ሄደን ጠበቅን፤ ማን ለማን እንደሰጠ እንዳናይ።

ፀሐይ በረድ ሲል ጀሪካኖቹ ሸራ ላይ ለየብቻ ተገለበጡ። የሁለቱ ድምር ግን ከሰልፉ ቁጥር ጋር አልገጥም አለ፤ አንድ ጎደለ። ደስታው ማን ነው ያልሰጠው ብሎ ሲጠይቅ አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰልፉ ረዘመብኝ» አሉ። «በላኋት።»

ሰዉ በሳቅ ተፍረከረከ። ደስታው ሌላ ለውዝ ሊሰጣቸው ሲል እኔም ለተም ይሰጣቸው አልን። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ለሰው ሁሉ አንድ ነው የተባለው፣ እኔ የኔን በልቻለሁ አሉ። ከዚያ የየጀሪካኑ ለብቻ ተነገረ። ቢጫው ሠላሳ ሁለት፣ ሰማያዊው ሠላሳ። የአያ ታከለ ለውዝ ብትገኝም አልደርስባትም ነበር።

ሁሉም የሚያየው ለመናደድ የተዘጋጁትን የኛን ልጆች ነው። ከመሐላቸው ያ በስድስተኛ ክፍሌ የሳቀው ልጅ ተነሣና፣ «በጥላ ብንወስደው ኖሮ ይከራከሩን ነበር፤ በለውዝ ግን ምን ይባላል?» አለ። ከዚያ የተነሣውን እልልታ ከመጀመሪያው ጋር አታወዳድሩት። የኛም የነሱም ሴቶች እኩል ነበር የለቀቁት። እኔም፣ የተሸነፍኩት፣ እልል አልኩ። ድምፄ ጎልቶ ሲወጣ ራሴም ሰማሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑ ተከፈተ። የነለተ ወገን ጓጉንቸር በቁልፉ ተከፈተ። የኛ ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ኒው ሀልፋ ወደሚባል ሩቅ አገር ለሸንኮራ ሥራ ሄዶ ኖሮ፣ ደስታው በፋስ ሰበረው። መጻሕፍቱን ምስጥ በትንሹ ቀምሷቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው። ካርቶኑን ለለተ ሰጠኋትና የኡስታዝ ኢድሪስን ቃል ነገርኳት። አንድ ጠመኔ አወጣችና መልሳ ለኔ ሰጠችኝ።

«አማርኛውን ዛሬ አንቺ ጀምሪላቸው፤ እኔ የት ድረስ እንደምትደርሺ ልይ» አለችኝ።

ጥቁር የተቀባ በርሜል ሰሌዳ ሆኖልን አስተማርኩ። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሳጥኑ ላይ ተኝቶ የነበረው ሕፃንም ከእኅቱ ጭን ላይ ነበር። «ሀ» ስል ጣሪያው እስኪነቃነቅ «ሀ» አሉ። የእኔን የግቢ ተማሪዎች አስታወሱኝ፤ እነዚህ ግን ሁለት ክረምት የታፈነ ድምፅ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ለተ የትግርኛውን ቃል ስታስተምር የኛ ልጆች አብረው ደገሙ፤ ፊደሉ አንድ መሆኑን ሲያዩ አንዱ ልጅ በዓረብኛ «ኩሉ ዋሂድ» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አንድ ነው ማለቱ ነው። ጣሪያውን የጠገኑት ወላጆች ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ሣሩን አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ያስራል።

እሁድ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ለተ የእግሬ ልክ የሆነ ጫማ ከአክስቴ ሸቀጥ ውስጥ መርጣ አጫማችኝ፤ የሾፌሩን ሸበጥ አጥቤ እንዲደርሰው ለአክስቴ ሰጠሁ። አያ ታከለ እስከ መኪናው ሸኙኝና፣ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው፣ «ያቺን ለውዝ ላንቺ ነበር የያዝኳት» አሉኝ። በጣም ሳቅሁ። «ደኅና አድርገው ነው የበሏት፣ አያ» አልኳቸው።

ገላባት ላይ ያው ወታደር ነበር፤ አስታወሰኝ። ምነው ኡስታዛ፣ ትምህርቱ በሳምንት አለቀ እንዴ አለኝ። የሚመልስልኝ ሽማግሌ አልነበረም፤ አላስፈለገኝምም። በማውቃት ጥቂት ዓረብኛ፣ እኔ እንዳልተመረጥኩ፣ ትምህርት ቤቱ ግን እንደተከፈተ ነገርኩት። እንደገና «ተፈደሊ፣ ያ ኡስታዛ» አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ፊቴ አልጋለም።

ከተመለስኩ ወር ሆኖኛል። ለተ አልፎ አልፎ በአክስቴ ስልክ የልጆቹን ንባብ ትልክልኛለች። ባለፈው እሁድ ደግሞ የወጣቶች ተወካይ ለመምረጥ በመንደራችን ዋርካ ሥር ተጠራን። እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ከኋላ ተቀመጥን። ዕጩዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ግንዱን ተደግፏል፣ ሁለተኛው ፀሐዩ ላይ ነው። ሰብሳቢው «ከምትፈልጉት ኋላ ተሰለፉ» ሲል ተነሣሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ።

«መጀመሪያ ሁላችንም ከጥላው እንውጣ» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ለውዙን ከቤት ስመጣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው ነበር።